ትልቁ ደንበኛ

በግድግዳው ላይ በተሰቀለው ሰፊ ስክሪን፣ የደንበኞችን ግዢ ከሚያሳዩት ዘንጎች መካከል አንድ ሰማያዊ ዘንግ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ አንገቱን አስግጎ ቆሟል። ከሥሩ የደንበኛው ስም ተጽፏል፤ «ግድግዳ» ይላል።

«ይሄ አቶ ግድግዳ የሚባለው ማነው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው። «ይህን ሁሉ ቀለም ሲገዛን ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ሻይ አልጋበዝኩትም!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ወጣቷ የመረጃ ባለሙያም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከከንፈሯ አላለፈም።

የቀለም ድርጅቱ ቅርንጫፎች ለዓመታት መረጃቸውን በየራሳቸው ኮምፒዩተር ሲይዙ ኖረዋል። አንዱ «የበረዶ ነጭ» የሚለውን ሌላው «ነጭ ተራ» ይለዋል፤ አንዱን ቀለም ቀቢ አንደኛው ቅርንጫፍ በስልክ ቁጥሩ፣ ሌላኛው «ጋሼ ረጅሙ» ብሎ መዝግቦታል። ይህን ሁሉ አጥርታ፣ አንድ ስም አስይዛ፣ በክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ፣ ወዳለ አንድ የጋራ የትንተና ማዕከል ያሻገረችው እሷ ናት። ባልደረቦቿ ስሟን ትተው «አስታራቂዋ» ይሏት ጀምረዋል። ዛሬ የመጨረሻው ቅርንጫፍ ገባ። ሥራ አስኪያጁ ከተስማሙ አሮጌዎቹ ኮምፒዩተሮች ሳይመሽ ይጠፋሉ።

«ቀልዱን ትተን፣» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ፊታቸው ጠንከር ብሎ፤ «በዚህ ስም የወጡት የቀለም ጣሳዎች የት እንደደረሱ ከሰዓት በኋላ ንገሪኝ። ሳላውቅ ምንም አላጠፋም።»

ለቅርንጫፎቹ አንድ በአንድ ደወለች። መልሱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። የቀለም መደባለቂያው ማሽን ሌሊቱን ቆሞ ስለሚያድር፣ ጠዋት የሚደባለቀው የመጀመሪያው ጣሳ አይሸጥም፤ ቀለሙ በትክክል መውጣቱን ለማየት ከሱቁ ጀርባ ግድግዳ ላይ ይሞከራል።

«ኮምፒዩተሩ ደግሞ ያለ ገዢ ጣሳ አላስወጣም ይላል!» አለ አንዱ የመጋዘን ሠራተኛ። «ታዲያ ማንን እንጻፍ? የተቀባው ግድግዳው ነው፤ እሱኑ ጻፍነው።»

በየቅርንጫፉ ጥግ ማንም ልብ ያላለው ነገር፣ አንድ ላይ ሲደመር የድርጅቱ ትልቁ ደንበኛ ሆኖ ተነሳ። ለሙከራ ጣሳዎቹ የራሳቸውን መደብ ከፈተችላቸው፤ ከጎኑም ከሙከራው የተረፈው ቀለም የት እንደገባ የሚጻፍበት ዓምድ ጨመረች። «ተጣለ» አሉ ቅርንጫፎቹ፤ መመሪያውም የሚለው ይህንኑ ነው።

አንድ ቅርንጫፍ ቀረ። እዚያ ግን አልደወለችም፤ ራሷ ሄደች። ኃላፊዋ እናቷ ናት።

«እማ፣ ከጠዋቱ ጣሳ የሚተርፈው የት ነው የሚገባው?»

እናቷ የያዘችውን የቁልፍ ዘለላ አንቃጨለች። «ነይ እስቲ፣» ብላ በጓሮው በር ይዛት ወጣች።

ከሱቁ ጀርባ ያለውን ቀጭን መንገድ ልጅቱ ካየችው ቆይታለች። የብርቱካን መልክ ያለው መዝጊያ፣ ከላይ ሐምራዊ ከታች የሎሚ ቀለም የሆነ የቆርቆሮ አጥር፣ ሰባት ዓይነት አረንጓዴ የተደረበበት የመዋዕለ ሕፃናት ግንብ። አንዱ ከሌላው ጋር ይስማማ እንደሆነ ማንም አልተጨነቀበትም፤ ሆኖም መንገዱ የሆነ ደስ የሚል ነገር ሰምቶ የመጣ ሰው ፊት ይመስላል።

«ይጣል እንደሚል አውቃለሁ፣» አለች እናቷ። «ደህናውን ቀለም ቱቦ ውስጥ ልድፋው ብል ግን ሆዴ እሺ አላለኝም።»

ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ የሚሞቁ አንድ አዛውንት ቀና አሉ። «ልጅሽ ናት? አንቺ ልጅ፣ ለአለቆችሽ ንገሪልኝ፤ የእኔ በር ገና ግማሽ ነው! ሮዝ አድርገውብኝ ሰው ሁሉ ሙሽራው ይለኛል።»

«አይዞዎት አባባ፤ ነገ የሚሞከረው ቡኒ ነው፣» አለች እናቷ።

ልጅቱ ሳቀች። ወዲያው ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እንደ ሌሎቹ ‹ተጣለ› ብዬ ልጻፈው እንዴ፣ እማ?»

«ዓመቱን ሙሉ የሰው ቁጥር ስታጠሪ ከርመሽ፣ የእናትሽ ላይ ስትደርሺ ልታድበሰብሺ? ያለውን ጻፊ። ከወንበሩ ቢያነሱኝም እግሬን አሳርፋለሁ።»

እንዲህ ትበል እንጂ ዘለላውን በመዳፏ ውስጥ ጨምድዳ ይዛዋለች።

አውቶቡሱ ውስጥ ኮምፒዩተሯን ጭኗ ላይ ከፈተች። አንድ ቃል ነው፤ ማንም አያውቅባትም። ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ቅርንጫፍ በአንድ መስኮት ሊያይ ነው፤ መስኮቱን በመጀመሪያው ቀን ራሷ ካጨቀየችው የደከመችው ለምን ነበር? «ለጎረቤት ተሰጠ» ብላ ጻፈች።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ዓምዱን ቁልቁል እያነበቡ መጡና አንዱ መስመር ላይ ቆሙ።

«ይሄ የእናትሽ ቅርንጫፍ አይደለም?»

«ነው።»

«መመሪያውን ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ። እኔም አውቃለሁ።»

«እስቲ ‹ተጣለ› የሚለውን ብቻ ደምሪልኝ።»

አንድ ጊዜ ነካችው። የቅርንጫፎቹ ሁሉ ድምር፣ በድርጅቱ ዕድሜ ማንም አንድ ላይ አይቶት የማያውቀው፣ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ማንም አልሳቀም። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ይህን ሁሉ ቱቦ ውስጥ…» አሉና አልጨረሱትም። መነጽራቸውን መልሰው አድርገው፣ «አሮጌዎቹን ኮምፒዩተሮች አጥፉ። የእናትሽን ነገር ግን ነገ ጠዋት እዚያው ሄጄ ነው የማየው፣» አሉ። ከፊታቸው ምንም ማንበብ አልቻለችም።

ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ደወለች።

«እማ፣ ነገ ጠዋት ራሳቸው ይመጣሉ።»

ከወዲያ በኩል ማሽኑ ሲሽከረከር ይሰማል። ከዚያ ዝግ አለ።

«ተቆጥተዋል?»

«እንጃ። አላወቅኩም።»

«በይ እንግዲህ፣» አለች እናቷ፤ «ጥሩውን ኮታቸውን እንዳይለብሱ ንገሪያቸው። ቡኒ አይለቅም።»

አስታራቂዋ ስልኩን ደረቷ ላይ አስጠግታ ወደ ተዘጋው የሥራ አስኪያጁ በር ዞረች። ሳቋ ሊያመልጣት ምንም አልቀረው፤ ሆኖም እጇን አንስታ አንኳኳች።