የአያ አለነ ጨው

ጌትነት ማራኪ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ባለው ቢሮው ተቀምጦ፣ የነርስነት ተማሪዎቹ ከገጠር የተግባር ልምምድ ተመልሰው ስለ ሥራቸው የጻፉትን ያነብ ነበር። የትነበርሽ በተባለችው ተማሪ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ብቻ አገኘ፦ «ሰነፍ ነበርኩ። ቸልተኛ ነበርኩ። ይቅርታ ይደረግልኝ።» አስጠራት።

«እኔ እኮ የንስሐ አባትሽ አይደለሁም» አላት እየሳቀ። «አንድ ቀን ምረጪና የሠራሽውን ንገሪኝ።»

እሷ አልሳቀችም። «እውነቱን ከተናገርኩ እወድቃለሁ፣ መምህር።»

«ውጤት የምሰጠው ሥራሽን መርምረሽ ለጻፍሽው ነው። ይኼማ ለማንም ይሆናል፤ እኔም ብፈርምበት ያምርብኛል።»

አንዱን ቀን መርጣ መናገር ጀመረች። አያ አለነ የሚባሉ ሽማግሌ የመካነ ብርሃንን ዳገት ወጥተው ልምምድ ላይ ወደነበረችበት ጤና ጣቢያ እያለከለኩ ሲደርሱ፣ ወዲያው የደም ግፊታቸውን ለካች። ከፍ ብሎ ስላገኘችው፣ ግፊት አለብዎት፣ ጨው ይተዉ ብላ ሸኘቻቸው። በሳምንቱ ነባሯ ነርስ አሳርፋ ስትለካቸው ደህና ነበሩ።

«ምን አሉሽ?»

«‹ምነው ልጄ፣ ሸጋውን ሽሮዬን ሳምንት ሙሉ አልጫ አደረግሽብኝ!› ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።»

«ዛሬ ቢመጡስ?»

«አምስት ደቂቃ አስቀምጬ፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ እለካለሁ። ደግሜ ሳልለካም በሽተኛ ነዎት አልልም።»

ጌትነት ወረቀቱን መለሰላት። ሦስቱን መስመሮች ሰርዛ፣ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ያንን ቀን ከዳገቱ ጀምራ ጻፈችው። ስትጨርስ ቀና አለች።

«ይቅርታውንስ የት ላግባው?»

«እሱ የአያ አለነ ነው፤ ለእሳቸው አድርሺው» አላትና ማለፏን ፈረመ።