የእናት ካፖርት ቁልፍ

ልብስ ሰፊዋ በታናሽ እህቷ መቅናት የጀመረችበትን ቀን አታስታውስም። ሰው መተንፈስ የጀመረበትን ቀን ያስታውሳል እንዴ? ሱቆቻቸው አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። በዚህ በኩል የስፌት መኪናዋ ሲንቀጠቀጥ በዚያ በኩል የእህቷ ፀጉር ቤት በሳቅ ይናጋል። እናታቸው በሕይወት ሳለች ትንሿን «ዕንቁ» ትላት ነበርና ሰፈሩም ዕንቁ ብሏት ቀረ። ለትልቋ የቁልምጫ ስም ያወጣላት የለም። እናትየው ስታርፍ ያ ጥቁር ካፖርቷ እንኳ የሄደው ለዕንቁ ነው፤ «እሷን ብርድ አይስማማትም» ተባለ።

እውነት ነው፣ ዕንቁ የልብ ሕመምተኛ ናት። በልቧ ውስጥ ካሉት በሮች አንዷ በደንብ አልዘጋ ብላ፣ ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምናው ዓመት አይጠብቅም ብለዋል። ይህ ደግሞ ምኑ ያስቀናል ትሉ ይሆናል። ልብስ ሰፊዋን አታውቋትም! ጠዋት ጠዋት አላፊ አግዳሚው «ዕንቁ፣ እንዴት አደርሽ? ተሻለሽ?» ሳይል አያልፍም። አንዱ ብርቱካን፣ ሌላው ሾርባ ይዞ ይመጣል። እሷ ቀኑን ሙሉ ፔዳል ስትረግጥ ወገቧ ቢቆረጥ «አንቺስ ደህና ነሽ?» የሚላት የለም። ጤነኛ ሰው፣ ሰው አይደለም እንዴ? ትላለች በሆዷ።

ባለፈው ሳምንት ከካፖርቱ አንዲት ቁልፍ ወለቀችና ዕንቁ አመጣችላት። «እትዬ፣ ሲመችሽ ትሰፊልኛለሽ?» ልብስ ሰፊዋ ቁልፏን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተቻት። ጊዜ አጥታ አልነበረም፤ ትጠብቅ ብላ ነው። ከዚያም ረሳቻት።

በዚህ መሃል ከአንድ የጤና መድን ድርጅት የመጣች ሴት ባለሱቆቹን አነጋገረች። ማኅበራቸው ከገባ ሁሉም በየወሩ እኩል ያዋጣል፣ የታመመው ይታከማል። «ግን ወይ ሁላችሁም ትገባላችሁ፣ ወይ ማንም አይገባም» አለች። «አለዚያ የታመመው ብቻ ይመዘገብና ጤነኛው ዳር ይቆማል። እስከ ነገ እኩለ ቀን ቢሮ አለሁ። ከዚያ በኋላ የምመለሰው በሚመጣው ዓመት ነው።»

የዚያኑ ዕለት በማኅበሩ ሊቀመንበር፣ በጫማ ሰሪው ሱቅ ውስጥ ተሰበሰቡ።

«ፍትሕ ማለት ይሄ ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ ገና ከመጀመሩ። «እኔ የሐኪም ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። እኩል አዋጡ ትሉናላችሁ፣ ከዚያ አንድ ሰው ይመጣና የሁላችንንም ጠራርጎ ይወስዳል።» አንድ ሰው የተባለው ማን እንደሆነ ያልገባው አልነበረም።

«እውነቷን ነው» አለ ሰዓት ጠጋኙ። «ብዙ የሚታመም ብዙ ይክፈል።»

«መታመም በምርጫ ሆነና ነው?» አለ ጫማ ሰሪው። «የኔ ቤት አልተቃጠለም ብለህ የእሳት አደጋ መኪናው ይሸጥ ትላለህ? ነግ በኔ ነው ወንድሜ! ያንተን ሳል እኮ እንኳን እኛ ግድግዳውም ያውቀዋል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰዓት ጠጋኙም አብሮ ሳቀ፣ ሲስቅ ሳል ያዘው፣ ስሎ ሲጨርስም «እሺ፣ እንግባ» አለ። ዕንቁ ጥግ ተቀምጣ አንገቷን ደፍታለች፤ አንድ ቃል አልወጣትም። አቤት፣ ዝምታዋ እንኳ ያምርባታል! አለች እህቷ፣ ጥርሷን ነክሳ።

በዚህ ማኅበር ድምፅ የሚሰጠው በልብስ ቁልፍ ነው። እጅ ማውጣት ኩርፊያ ስላመጣባቸው የዘየዱት ዘዴ ነው። ለያንዳንዱ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ቁልፍ ይታደላል፤ ነጩ እሺ፣ ጥቁሩ እምቢ። የመረጡትን በጭብጥ ይዞ ጣሳ ውስጥ መጣል ነው። የምታድለው መቼም ያው ልብስ ሰፊዋ ናት። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፣ የዚያን ቀን ግን ማን አስታወሰው? አድላ ስትጨርስ ለራሷ ጥቁር አልተረፋትም። ሽርጧ ኪስ ውስጥ ስትዳብስ አንዲት አገኘች። ዓይኗን ጨፍና ቁልፍን ከቁልፍ የምትለይ ሴት፣ በዚያች ሰዓት ጣቷ ምንም አልነገራትም። ቅናት እንኳን ጣትን ዓይንንም ያሳውራል። ጣለቻት።

ጫማ ሰሪው ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ፣ መሃላቸው አንዲት ጥቁር። አንዲት እምቢ ለሁሉም እምቢ ናት። ዕንቁ ፈጠን ብላ ተነሳችና ቁልፎቹን ጠራርጋ ወደ ጣሳው መለሰቻቸው። «በቃ፣ ማንም ማንንም አይጠርጥር» አለች፣ ትንፋሽ እያጠራት።

ልብስ ሰፊዋ ደስ ይለኛል ብላ ነበር። ራቷ አልወረደላትም።

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ዕንቁ ካፖርቱን ለብሳ ገባች። «እትዬ፣ ቁልፏ ተገኘች። ስፊልኝ» ብላ እጇን ዘረጋች። መዳፏ ላይ ያለችው ቁልፍ ጠርዟ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ የእናታቸው ካፖርት ቁልፍ ናት። ልብስ ሰፊዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«አውልቂውና ልስፋው» አለች፣ ሌላ የምትለው ጠፍቷት።

«ይበርደኛል። እንደለበስኩት ስፊው።»

ከደረቷ ጠጋ ብላ መስፋት ጀመረች። በጨርቁ ውስጥ የልቧ ምት ይሰማል፤ ይሮጣል፣ ይደናቀፋል፣ እንደገና ይሮጣል።

«ትናንት ቁልፏን ስታዪ ለምን ዝም አልሽ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ምን ልበል? የጣለቻት እህቴ ናት ልበል?» ዕንቁ ትንፋሿን እስክትሰበስብ ቆየች። «ልጆች ሳለን አንቺ ደጅ ገመድ ስትዘዪ፣ እኔ በዚሁ ካፖርት ተጠቅልዬ በመስኮት አይሽ ነበር። እግሯ በተሰበረ እል ነበር፣ እትዬ። የምትቀኚው አንቺ ብቻ መስሎሻል?»

ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። አልቅሳ ቢወጣላት ደግ ነበር፣ ግን ጊዜ አልነበረም። በቀጥታ ጫማ ሰሪው ዘንድ ሄደች።

«ጥቁሯ የኔ ናት። በነጭ ቀይርልኝ።»

ጫማ ሰሪው መዶሻውን እንደያዘ ፈዞ አያት። ሊቆጣት ከንፈሩን ሲያላቅቅ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየና ስልኩን አነሳ። የመድኗ ሴት ስልክ ዝግ ነው። «ልትሄድ ነው» አለ። «ቢሮዋ ደግሞ ዳገቱ ጫፍ ነው። አሁን ማን ይደርስባታል?»

መልስ አልጠበቀችም። ከነሽርጧ፣ መርፌዋን ኮሌታዋ ላይ እንደሰካች ሮጠች። መታጠፊያው ጋ ዞር ብላ ስታይ ዕንቁ በፀጉር ቤቱ መስኮት ውስጥ ቆማለች፤ እጇ አዲስ በተሰፋችው ቁልፍ ላይ ነው። እያየችኝ ነው፣ አለችና ፍጥነቷን ጨመረች።

የመድኗ ሴት በሩን ቆልፋ ቦርሳዋን ስታነሳ ደረሰችባት። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ትንፋሽ እንጂ ቃል እምቢ አለ። ደረቷን ይዛ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ውይ በሞትኩት!» አለች ሴትዮዋ ደግፋ እየያዘቻት። «ምን ሆነሽ ነው እናቴ? ደህና ነሽ?»

ዕድሜዋን ሙሉ ሰው እንዲጠይቃት ስትጠብቀው የኖረችው ይህንን ነበር። ራሷን ነቀነቀች።

«እኔ… ደህና ነኝ» አለች፣ ልክ እንደ እህቷ ቃል በቃል እየተቆራረጠባት። «የታመመችው… እህቴ ናት። ክፈቺው… ሁላችንም እንገባለን።»