ከገልባጩ ጥላ ሥር

ሥራዬ ፊሽካ መንፋት ነው። ገልባጭ መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ሾፌሩ በስፖኪዮ እኔን ያያል፤ እጄን ካነሳሁ ይቆማል። የግንባታ ሳይቱ ሰዎች «ወይዘሮ ፊሽካ» ይሉኛል። ይበሉ። የሚሰማኝ ጆሮ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

መኪናው የራሱ ጩኸት ነበረው፤ የኋላ ማርሽ ሲገባ ጢጥ ጢጥ የሚል። ምሳ በልተው ጥላው ሥር የሚጋደሙት ሠራተኞች፣ ለምሳ ሊቆም ሲመጣ እየጮኸ እንቅልፍ ነሳን ብለው ሾፌሩን ለመኑት። እሱም የሰው ፊት አይችልም፣ የጩኸቱን ሽቦ በጠሰላቸው። ልመናውን የመራው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የገዛ ባሌ!

ባሌ ቀን እዚህ ፌሮ ያስራል፤ ሌሊት መጋዘን ይጠብቃል። የምንገናኘው በምሳ ሰዓት ነው፤ ያውም እሱ ተኝቶ።

«ፀሐዩ ይሻልሃል፣ ከጎማው ሥር ውጣ» እለዋለሁ።

«በምሳ ሰዓት ማን ሊነዳው ነው? ተይኝ እስቲ» ይለኛል፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። መጨቃጨቁም ደከመኝ።

ዛሬ ፎርማኑ፣ አሸዋው አሁኑኑ ይራገፍ ብሎ ሾፌሩን ከምሳው አስነሳው። እኔ ቧንቧው ጋ እጄን እየታጠብኩ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ ዞር አልኩ። ሌሎቹ ገና ምሳ ላይ ናቸው፤ የባሌ ጫማ ብቻ ከኋላ ጎማው አጠገብ ይታያል። ነፋሁ፤ ድምፁን ሞተሩ ዋጠው። ሮጥኩ። ለሰው ሁሉ «እንዳታደርጉ» የምለውን ረስቼ፣ ወደ ኋላ በሚመጣው መኪና መንገድ ላይ ተገተርኩ።

ስፖኪዮው ውስጥ የሾፌሩን ዓይን አየሁ። መኪናው ቆመ። ባሌ ከእግሩ ሥር ያስቀመጠው ሄልሜት ግን ጎማው ሥር ደቅቋል።

ሾፌሩ ወርዶ መሬት ላይ ዘጭ አለ። «እናቴ ትሙት አላየሁትም፣ እህቴ።»

የባሌን ትከሻ ይዤ ነቀነቅሁት። «ምነው አንቺ፣ በምሳ ሰዓት እንኳ ፊሽካ?» አለና በሌላ ጎኑ ተገላበጠ።

በጥፊ ልለው እጄን አነሳሁ። ፊቱን ሳየው ግን እጄ ወረደ። ሞት አጠገቡ ደርሶ ያልቀሰቀሰው ሰው ምን ያህል ደክሞት ነው? እንባዬ መጣ።

«ወንድሜ፣ ቁልፉን ስጠኝ» አልኩት ሾፌሩን። ሳያንገራግር ሰጠኝ፤ ከፊሽካው ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩት። የበጠሰው ሽቦ ሳይቀጠል አይመለስለትም።

ፎርማኑ ከሩቅ «አሸዋውስ?» እያለ ይጮኻል። የደቀቀውን ሄልሜት አንስቼ አሳየሁት፤ ፊቱን አዙሮ ሄደ።

ጎማውን ተደግፌ ባሌ ግርጌ ተቀመጥኩ። ያንኮራፋል። ሲነቃ የምለውን እለዋለሁ። አሁን ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ይተኛ።