ለጀማሪ የምትሆነዋ አውሮፕላን

ካፒቴኑ ጡረታ ወጥቶ ከሴት ልጁ ጋር የበረራ ማሠልጠኛ ሊከፍት ሲነሣ ያላግባባቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የመጀመሪያዋ አውሮፕላን የትኛዋ ትሁን? ለምርጫ የቀረቡት ሁለቱም ባለ ሁለት መቀመጫና እጅግ ቀላል ነበሩ። እሱ የወደደው ክንፏ ከታች የሆነችውን፣ ፈጣኗንና ባለ ስክሪኗን ነው። አሠልጣኟ ልጁ ደግሞ ክንፏ ከላይ የሆነችውን ዝግተኛዋን መረጠች።

"ይህቺማ ጋሪ ናት" አላት።

"ጀማሪ በጋሪ ቢጀምር ምን አለበት፣ አባዬ?"

ክርክሩ ከሃንጋሩ ተነሥቶ እራት ገበታ ላይ ደረሰ። አንድ ቀን እናትየው ማንኪያዋን አስቀመጠች። የአብራሪ ሚስት ሆና ኖራ ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ግን እግሯን አስገብታ አታውቅም።

"ሁለታችሁም ዐዋቂ ናችሁ፤ ለዚህ ነው የማትግባቡት። የማያውቅ ሰው ጠይቁ።"

"የማያውቅ ሰው ከየት እናምጣ?" ብሎ ባሏ ሳቀ።

"እኔ አለሁላችሁ።"

ሳቁ እዚያው ቀረ።

ሻጮቹ አውሮፕላኖቹን ለሙከራ ባመጡበት ጠዋት፣ አሠልጣኟ እናቷን አባቷ በመረጣት አውሮፕላን ይዛት ወጣች። አየር ላይ መሪውን አስያዘቻት። እናትየው ጨበጥ ስታደርገው አውሮፕላኗ አዘነበለች፤ አቀናለሁ ስትል ወደ ሌላው ጎን ጋደለች። ሲያርፉ ባሏን ተደግፋ ወረደች።

"ቆንጆ ናት። ግን ሆደ ባሻ ናት፤ ትንሽ ሲነኳት ታኮርፋለች።"

"ይብቃሽ፣ እማዬ" ብትባልም እሺ አላለችም። በሁለተኛዋ አውሮፕላንም ወጡ፤ ከመስኮቷ ቁልቁል የቤቶቹ ጣሪያ፣ የተሰጣው ልብስ ሳይቀር ይታያል። ልጇ ከፍ ካሉ በኋላ ሆን ብላ ፍጥነት ቀነሰች። አውሮፕላኗ ተርገፈገፈች፣ አፍንጫዋን ዝቅ አደረገች፤ መሪውን ላላ ሲያደርጉላት ቀስ ብላ ተስተካከለች።

"ምን ሆና ነው?"

"ፍጥነት ሲያንሳት ክንፏ መሸከም ያቅተዋል። ጀማሪ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።"

"እስቲ እኔ ልሞክረው።"

ካፒቴኑ አንጋጦ ሲጠብቅ ቆይቶ፣ እንዳረፉ በሩን ራሱ ከፈተላት።

"እሺ፣ ምን ፈረድሽ?"

"ይቺ ታጋሽ ናት። እኔን ከቻለች ማንንም ትችላለች።"

ካፒቴኑ የአውሮፕላኗን ክንፍ ዳበሰ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። "ለካ እኔ ስመርጥ የነበረው ለራሴ ነው" አላት። ዝግተኛዋን ገዙ።

ማሠልጠኛው በተከፈተ ሳምንት እናትየው ሸራ ጫማ አድርጋ መጣች። "ዛሬ ማረፍ ነው የምማረው" አለች። ከልጇ ጎን ተቀምጣ፣ አውሮፕላኗን እንደ ኳስ እያነጠረች አሳረፈቻት።

"የእኔ የመጀመሪያው ከዚህ ይብስ ነበር" አላት ባሏ።

"እንግዲያው ደግሜ ልውጣ።"

እሱም አውሮፕላኗን ገፍቶ ወደ መንደርደሪያው አዞረላት።