የቢሻው ጀልባ

ጠይባ ሐሙስ ማለዳ የሱቋን በር ከፍታ ወደ ወንዙ ስታይ ጀልባዋ ከቦታዋ የለችም። ባሏ ጃፈር ጎጀብ ዳር እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ድንጋይ ይደረድራል። ጀልባዋ ከድንጋዩ ሥር ውሃው ውስጥ ተኝታለች።

«ምነው ጃፈር! በገዛ እጅህ አሰመጥካት?»

«ተያት፤ ጠምቷታል» አላት ቀና ሳይል።

ጀልባዋን በጃንሆይ ጊዜ ከዋንዛ ሳንቃ የሠራት አናጺው ቢሻው ነው። ከዳር እስከ ማዶ በተወጠረ ገመድ እየተሳበች ጨውና ማር፣ ሙሽራና ለቀስተኛ አሻግራለች። ደርግ በወደቀ ሰሞን የተበተኑ ወታደሮች ጠመንጃቸውን አቅፈው ሲመጡ ጃፈር ሁለት ቀን ሙሉ ሲያሻግር ሰነበተ። ከእሷ ላይ ውሃ የወሰደው አንድም ሰው የለም። ጠይባም የተዳረችው በእሷ ተሻግራ ነው።

አምና ድልድይ ተሠራ። ጀልባዋ ደረቅ መሬት ላይ ወጥታ አንድ በጋ ፀሐይ መታት፤ በሳንቆቿ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተከፈተ። ወረዳው ደብዳቤ ጻፈ፦ ቅዳሜ ኮሚቴ ይመጣል፤ ከተንሳፈፈች ለክረምት መጠባበቂያ ትቀመጣለች፣ አለዚያ ለማገዶ በጨረታ ትሸጣለች። መንደርተኛው ሁሉ «ሬንጅ ቀባት» ቢለው ጃፈር አልሰማም።

ቅዳሜ ኮሚቴው መጣ። ጸሐፊው ሰብሃት ለተወለወለ ጫማው እየተጠነቀቀ ወደ ውሃው አጮለቀ።

«ጋሽ ጃፈር፣ ይህቺማ አልቆላታል። ሰምጣለች ብዬ ሪፖርት ላድርግ?»

«እስክሪብቶህን ያዝ ልጄ። መጀመሪያ ድንጋዩን ላውጣ።»

ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሳ። የጀልባዋ ጠርዝ ከውሃው በላይ ብቅ ሲል ጠይባ ቀሚሷን ሰብስባ ገባችና ውስጧ ያለውን ውሃ በቅል ትቀዳ ጀመር። ቀዳች፣ ቀዳች፤ ሌላ ውሃ አልተተካም። ሳንቆቹ ውሃ ጠጥተው፣ አብጠው ገጥመዋል፤ ጣት ያስገባ የነበረው ክፍተት አሁን ምላጭ አያስገባም።

«ግባ» አለው ጃፈር ሰብሃትን።

«እኔ? በዚህ ጫማ?»

«ከፈራህ ድልድዩ ያውልህ» አለችው ጠይባ፤ እሷ ቀድማ ተቀምጣለች።

ሰብሃት ገባ። ጃፈር ገመዱን ሳበ። ጸሐፊው መንገዱን ሙሉ ዓይኑን ከወለሉ አልነቀለም። እዚያ የቀረችው አንድ ስኒ የምትሞላ ውሃ፣ ማዶ ሲደርሱም ያው አንድ ስኒ ነበረች።

ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ።

«ምን ብለህ ጻፍክ?» አለችው ጠይባ።

«ትንሳፈፋለች።»

«በየበጋው ሦስት ቀን ትስመጥ ብለህ ጨምርበት።»

ሰብሃት ሳቀና ጨመረበት። ጃፈር ለመመለሻው ገመዱን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ።