በወረቀት አልሞተም

«ቀስ በሉ እንጂ! ሰውየው ገና አልሞተም!»

አልቃሾቹ ሴቶች አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ሴካንደር የተቀበረው ትናንት ነው፤ አፈር ያለበሱት ወንዶች ጫማ ላይ የመቃብሩ ጭቃ ገና አልደረቀም። ይህን ያለው ቶታ ሚያ ነው። ቶታ በቤንጋሊ በቀቀን ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣለት ሰው አልዋሸም። የቶታ ሚያ ምላስ ጠዋት ከብሩክሊን ተነስታ፣ ዳካ ሻይ ጠጥታ፣ ለምሳ ትመለሳለች።

«ምን ማለትህ ነው አንተ?» አሉ የሟች አክስት። «ሳጥኑ ሲወርድ በዓይኔ አይቼ!»

«በአፈር ሞቷል፣ አክስቴ። በወረቀት ግን አልሞተም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሱ ከሞተ ታርጋውም ይሞታላ!»

የተቀመጡት ወንዶች ሁሉ ሾፌሮች ናቸውና ማስረዳት አላስፈለገም። ከተማው የኪራይ መኪና በዛብኝ ብሎ አዲስ ፈቃድ መስጠት ካቆመ ቆይቷል። ቀድሞ ታርጋ ያገኘ ጌታ ሆነ፤ ያላገኘ ደግሞ መኪና እየተከራየ ገባር። ታርጋ የሚከተለው ስም ነው። ባለስሙ ካለፈ ወደ ቢሮው ይመለሳል፤ ቢሮው የዋጠውን ደግሞ ጅብ ከበላው ለይቶ የሚያውቅ የለም።

በሴካንደር ታርጋ ሁለት ቤተሰብ ይኖር ነበር። ሌሊት ሴካንደር ይነዳል፤ ቀን፣ የአገሩ ልጅ ሀሼም። ሀሼም አሁን በሩ ሥር ተቀምጦ፣ የበረደ ሻይ በሁለት እጁ አቅፏል።

«ባቢ፣» አላት ቶታ ሚያ የሟችን ሚስት ሞርጂናን፤ የወንድሙን ሚስት ባቢ የማይል የለም። «እስቲ አስቢው። አንቺ ካልነገርሻቸው ማን ይነግራቸዋል? የፈቃዱን እድሳት በስሙ እንጨርሳለን። ሀሼም ይነዳል። ያንቺም ጉሮሮ አይዘጋ፣ የሱም።»

አክስትየው ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው ወደ ሞርጂና አፍንጫ እጃቸውን ዘረጉ። ባል የሞተባት ሴት የአፍንጫዋን ወርቅ ታወልቃለች።

«እሱንም ይተዉት! ጎረቤት አያይም?» አለ ቶታ ሚያ።

«ባል የሌላት ሴት የባል ወርቅ አድርጋ ትቀመጥ?»

«አላት እኮ! በወረቀት!»

አንዱ ሳቀና ደንግጦ ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው። ሞርጂናም ልትስቅ ምንም አልቀራት። ሴካንደር ቢኖር ይህን ቀልድ ማንም አይቀድመውም ነበር።

ታርጋውን እንዴት እንዳገኘ ሲጠየቅ፣ «በሩ ሊዘጋ ሲል እግሬን ሰደድኩ፤ የአውራ ጣቴ ጥፍር እስከዛሬ እዚያው ነው፣ ባንዲራ ይሰቅሉበታል» ይል ነበር። አንዴ ሻንጣው ውስጥ አዞ የደበቀ ሰው ወደ አውሮፕላን ማረፊያ አድርሶ፣ አዞው ሲወርድ አመሰገነኝ ብሏል። ሌሊት ሌሊት ለምን እንደሚነዳም መልስ ነበረው።

«በእናቴ ወገን የሌሊት ወፍ ነን። አያቴ ተዘቅዝቃ ነበር የምትተኛው። እኔ ፀሐይ ካየሁ መሪ ላይ እንቅልፍ ይዞኝ ጭልጥ ነው።»

ንጋት ላይ ይገባና የቀዘቀዘ እግሩን የሞርጂና ባት ላይ ይለጥፋል። «ውሰድልኝ ይሄን የሞተ ዓሣ!» ትለዋለች። ስቆ ሳይጨርስ ያንኮራፋል። እሷ ተነስታ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ቀን ቀን እንደ ሰው አብረን ብንበላ ምናለ እያለች ስታኮርፍ ኖራለች፤ አንዳንዴም፣ እኔን ሽሽት ነው እንጂ የምን የሌሊት ወፍ፣ ትል ነበር በሆዷ።

የሞተውም ሌሊት ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ተራ ሲጠብቅ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ የሱ መኪና አልተንቀሳቀሰም። የተኛ መስሏቸው ከኋላው ያሉት ክላክስ አደረጉበት።

ቶታ ሚያ ያን በተናገረ ማግስት፣ አመሻሽ ላይ፣ ሀሼም ብቻውን መጣ። ደረጃው ጨለም ብሎ ስለነበር ግድግዳውን እየዳበሰ ነበር የወጣው። ሞርጂና አየችው።

«ምን ሆነሃል ሀሼም ባይ?» አለችው፤ ባይ ወንድሜ ማለት ነው።

ሀሼም ቁጭ አለ። «ፀሐይ ከጠለቀች አላይም፣ ባቢ። መብራቱ ሁሉ ውሃ ውስጥ የወደቀ ይመስለኛል። አንድ ማታ ሴካንደር አጠገቤ ተቀምጦ አወቀብኝ። ከዚያች ማታ ጀምሮ ሌሊቱን እሱ ወሰደው፤ ቀኑን ለእኔ ተወ።»

«እኔን እኮ የሌሊት ወፍ ነኝ ብሎኛል!»

«እኔን ደግሞ፣ ከሚስቴ ኩርፊያ መሸሻዬ ነው ብሎኛል።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረባትና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«የቶታን ነገር እኔ አላመጣሁትም» አለ ሀሼም መሬት መሬት እያየ። «ግን ተው አላልኩትም። ልጆች አሉኝ።»

ለሟቹ የሚደረገው ጸሎት በአራተኛው ቀን ነበር። ኢማሙ እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሉ ቶታ ሚያ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለ። እሳቸውም ግራ እየተጋቡ ጀመሩ፦ «ጌታ ሆይ፣ አንድ ወንድማችንን ማርልን…»

«አንድ ወንድማችን ማነው?»

ከመጋረጃው ወዲያ፣ ከሴቶቹ በኩል ነበር ድምፁ። ሞርጂና ቆማለች።

«ባቢ፣ ለአንቺው ብለን እኮ…»

«ሌሊቱን ሁሉ ሲነዳ ኖረ፣ ቶታ ባይ። ሞቶም ይንዳ ነው የምትለኝ? በቃው! ይውረድ!» የአፍንጫዋን ወርቅ አውልቃ አክስትየው መዳፍ ላይ አስቀመጠች። «ስሙን ይጥሩልኝ።»

የሁሉም ዓይን ወደ ሀሼም ሄደ። የእሱ ጉሮሮ ነው የሚዘጋው።

ኢማሙ፣ «የአብዱል ባሪ ልጅ ሴካንደርን» አሉ።

«አሚን!» ያለ የመጀመሪያው ሰው ሀሼም ነው። ያን ጊዜ ታፍኖ የከረመው ለቅሶ ቤቱን ሞላው፤ ከሁሉም አብልጦ የጮኸ ቶታ ሚያ ነበር።

ሰው ሲበተን ሀሼም ካቻቪቴ ይዞ ወርዶ የፊቱንም የኋላውንም ታርጋ ፈታ። በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ጠጥሮባቸው ፊደሉ አይነበብም። አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው።

«ነገ ሳልመልሳቸው አላድርም» አላት።

ሞርጂና ወደ ምድጃው ሄደች። ከቀብሩ ወዲህ በዚያ ቤት እሳት አልነደደም፤ ምግቡም ሻዩም ከጎረቤት ነበር የሚመጣው። ክብሪት ጫረች። ውሃ ጣደች፤ ጨርቅም አወጣች።

«ባቢ፣ ምን ያደክምሻል? ቢሮው ሲደርስ ይጨፈልቁታል እኮ።»

«ሳይታጠብ አይሄድም።»

የውሃውን ሙቀት በክንዷ ለካች፤ ቀዝቃዛ ጨመረችበት። ከዚያ ጨርቁን ነክራ ከታርጋው ጥግ ጀመረች፣ ቀስ አድርጋ፣ የሰው ቆዳ እንደሚታሽ።