ሃያ ሦስት ጠዋት

ዓሣ አጥማጆቹ «ዲግሪ» ብለው ስም ያወጡለት ሊቀልዱበት ነው። አራተኛ ክፍልን እንኳ ሳይጨርስ ዲግሪ የያዘ ብቸኛ ሰው እሱ ነው ይላሉ። ሥራው የባሕሩን ሙቀት መለካት ነው። በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከወደቡ ግንብ ሥር ያሉትን ሠላሳ አንድ የድንጋይ ደረጃዎች ይወርዳል፣ ባልዲውን በገመድ ጥሎ ውሃ ይቀዳል፣ ቴርሞሜትሩን ይነክርና እስከ ስድሳ ይቆጥራል፤ ያየውንም መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥራው ይኸው ነበር።

ነገሩ ተራ ይመስላል እንጂ የዓሣ ሀብት ጽሕፈት ቤቱ ወሽመጡን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ያንን መዝገብ አይቶ ነው። ውሃው ለሰባት ተከታታይ ቀናት ከሃያ አራት ዲግሪ ካለፈ ጀልባ አይወጣም። ሰርዲን ሙቀት አይወድም። ላይኛው ውሃ ሲሞቅበት፣ ዕንቁላል ያዘለው ሁሉ ሸሽቶ ወሽመጡ አፍ ላይ ካለው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይታጨቃል። ያኔ እዚያ መረብ የጣለ ሰው የዓመቱን ዓሣ ከነመጪው ዘር ጠራርጎ ያወጣዋል።

አምና፣ የማጥመጃው ወቅት በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ዲግሪ አረንጓዴ የባሕር አረም ያበቀለው ደረጃ አዳልጦት ወደቀና ጉልበቱ አበጠ። ለጽሕፈት ቤቱ ቢናገር ምን እንደሚሉት ያውቀዋል፤ አርጅተሃል፣ በቃህ ይሉታል። ስለዚህ ጉልበቱን ትራስ ላይ ሰቅሎ፣ መዝገቡን ጭኑ ላይ ዘርግቶ የድሮ ዓመታትን ገጾች ማገላበጥ ያዘ። ሃያ አንድ ነጥብ ሁለት። ሃያ አንድ ነጥብ አምስት። ባሕሩ በዚያ ወር ከዚህ ወጣ ብሎ አያውቅም። ሚስቱ በሕይወት ሳለች «ባሕሩን ካንቺ ይበልጥ አውቀዋለሁ» ሲላት፣ «እኔን መቼ አወቅከኝና ነው» ትለው ነበር። እሱ ግን በዕውቀቱ ተማምኖ፣ ሻዩን ፉት እያለ፣ የዕለቱን ቁጥር ከአልጋው ሳይወርድ ይጽፍ ጀመር። አንድ ቀን ብቻ ብሎ ነበር የጀመረው።

በሃያኛው ቀን ታላቅ እህቱ ወደ ጀልባዋ ስትሄድ በመስኮቱ በኩል ብቅ አለች። ከአባታቸው ሞት በኋላ እሱን ያሳደገችው እሷ ናት፤ በወደቡም ከወንዶቹ እኩል የራሷን ጀልባ የምትመራ ብቸኛ ሴት እሷው ናት።

«አንተ፣ ውሃው ሰሞኑን እጄን አልቀዘቅዝ አለኝ» አለችው። «ስንት ነው?»

መዝገቡ ጭኑ ላይ ነበር፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም።

«ሃያ አንድ ተኩል። እንደ ወትሮው ነው፣ እትዬ።»

እጇን አገላብጣ አየችና ሳቀች። እጇም እንደሷ አርጅቶ እንደሆነ ተናግራ ሄደች።

የዚያን ዕለት ጀልባዋ ከወሽመጡ አፍ ጠርዙ ውሃ ሊነካ እስኪደርስ ዓሣ ጭኖ ገባ። በማግስቱም እንዲሁ፤ በሦስተኛውም ቀን። ወደቡ በሙሉ አጨበጨበላት። ለእሱም አንድ ሳፋ ሙሉ ላከችለት፤ ጠብሶም ቀቅሎም በላው። ሆዳቸው ዕንቁላል ሞልቶት ነበር። ያንን እያየ ነው የበላው።

በሃያ አራተኛው ቀን በከዘራ ተደግፎ ደረጃውን ወረደ። ቴርሞሜትሩ ሃያ አምስት ነጥብ ስምንት አለው። አራግፎ ደግሞ ነከረው፤ ያው ነው። በእጁ ያለው ባልዲ ከበደው። ያየውን ቢጽፍ፣ ባሕሩ በአንድ ሌሊት አራት ዲግሪ እንዴት ዘለለ ተብሎ ሊጠየቅ ነው። ሃያ ሁለት ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እየወረደ፣ በየቀኑ እየለካ፣ በየቀኑ ዋሸ፤ ባሕሩ ቀዝቅዞ ከውሸቱ ጋር እስኪገናኝ ድረስ። ሰነፍ የነበረው ሰውዬ በዚያ ወር ጎበዝ ውሸታም ሆነ።

ዘንድሮ ወሽመጡ ባዶ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ መረቦች ከባሕር አረም በቀር ይዘው የወጡት ነገር የለም። ሰው ሲቸግረው ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ ወደቡም እህቱን አገኘ። ቀዳዳው ጠባብ በሆነ የተከለከለ መረብ ጠርጋ ጨረሰችው ተባለ። መረቡን አየሁ የሚል አንድ ሰው የለም፤ አምና ያጨበጨቡት እጆች ግን ዘንድሮ ጣት ቀሰሩባት።

ከዋናው ቢሮ አንዲት አጥኚ መጣች። ሁለት ቀን ሙሉ መዝገቡን ስታገላብጥ ቆየችና፣ እንደዚህ የተስተካከለ መዝገብ አይታ እንደማታውቅ ነገረችው። አምና ሞቃት ውሃ ከሩቅ ገፍቶ መጥቶ የጎረቤት ወሽመጦች በሁለተኛው ሳምንት እንደተዘጉ፣ ይሄኛው ብቻ እንዴት እንደተረፈ እንዳልገባት አጫወተችው።

«እዚህም ሞቆ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ግልጽ ነበር» አለች መዝገቡን እየከደነች። «ካልሞቀ ግን ጥፋቱ የመረቡ ነው።»

ሐሙስ በዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር አዳራሽ የእህቱ የማጥመድ ፈቃድ ሊነጠቅ ተቀጠረ።

ረቡዕ ሊነግራት ቤቷ ሄደ። ግቢዋ ውስጥ መረቡን ከዳር እስከ ዳር ዘርግታ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ስትለካ አገኛት። የዚያን ሁሉ መረብ! ምናልባት ስጠግን አጥብቤው እንደሆነ ብዬ ነው አለችው፤ ሰው ሁሉ ሲያወራ ራሷን መጠራጠር ጀምራ ነበር። አፉን ከፈተ። ውሃ ስጪኝ አላት። ጠጣና ብርጭቆውን አመስግኖ መልሶላት ወጣ። መንገድ ላይ አፍሮ ቆመ፤ እንዲህ ያለ ፈሪ መሆኑን እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር።

ሐሙስ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሊቀመንበሩ የምትይው ካለሽ ብለው ዕድል ሰጧት። እህቱ ተነሣች።

«መረቤ ሕጋዊ ነው፤ ትናንት ለክቼዋለሁ። ግን ያን ሁሉ ዓሣ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የለሁበትም አልልም» አለችና የፈቃድ ካርዷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ካርዱ ላይ ያለው ፎቶ የወጣትነቷ ነው። እሱን የምታሳድግበት ዘመን ነበር። ዲግሪ ብድግ አለ።

«ሃያ ሦስት ጠዋት ደረጃውን አልወረድኩም» አለ። ድምፁ ለራሱም ቀጥኖ ተሰማው። «ቁጥሩን አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው የጻፍኩት። ከዚያ በኋላ ያለውንም እያየሁ ነው የዋሸሁት። ባሕሩ ሞቆ ነበር። እህቴ ጠይቃኛለች፤ እሷንም ዋሸኋት።»

አጥኚዋ መዝገቡን ከፍታ፣ የማታውቀውን የእጅ ጽሑፍ እንደምታነብ ሁሉ ገጹ ላይ አፈጠጠች። ከኋላ አንዱ «ዲግሪ» ብሎ ጀመረና ተወው። የሳቀ ሰው የለም። ሊቀመንበሩ ካርዱን በጣታቸው ገፋ አድርገው ወደ እህቱ መለሱት።

እሱ ስድብ ጠብቆ ነበር፤ ጥፊም ቢሆን ይቀበል ነበር። እህቱ ካርዷን አነሣችና አጠገቡ ስትደርስ ቆም አለች።

«እጄ ነግሮኝ ነበር እኮ። እጄን ትቼ አንተን አመንኩ።»

ይህን ብላው ወጣች።

ጽሕፈት ቤቱ ሌላ ለኪ እስኪተካ ድረስ ሥራውን እንዲቀጥል አዘዘው። በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሠላሳ አንዱን ደረጃ ግንቡን ይዞ አንድ በአንድ ወረደ። ባሕሩ ጸጥ ብሏል፤ ጀልባዎቹ ሥራ ፈትተው ተደርድረዋል። ባልዲውን ጣለ፣ ቀዳ፣ ቴርሞሜትሩን ነከረ፣ ስድሳ ቆጠረ። ቀና ሲል እህቱ ደረጃው ላይ ቆማለች።

«ስንት ነው?» አለችው።

«ሃያ ሁለት ነጥብ አራት፣ እትዬ።»

የቀሩትን ደረጃዎች ወርዳ አጠገቡ ተንበረከከች፤ እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ባልዲው ውስጥ ከተተችና ብዙ ቆየች። ከዚያ ቴርሞሜትሩን ከእጁ ተቀብላ መልሳ ነከረችው፤ ስድሳ ቆጠረችና ቁጥሩን ራሷ አነበበችው።